የቆንሲል ችሎት፤ ኖርማንተን ስለ ተባለች መርከብና በሰው አገር ስለ ተሰጠ ዳኝነት

በዛሬው ጊዜ ቆንሲል ሲባል የምናስበው ፓስፖርት የሚያድስ፥ ቪዛ የሚሰጥ፥ በውጭ አገር የታመመውን ወይም የታሰረውን ያገሩን ሰው ሄዶ የሚጠይቅ ሹም ነው። ያገሩን ሰው ይጠይቀዋል እንጂ አይፈርድበትም፤ የበደለ ሰው በተያዘበት አገር ዳኛ ፊት ይቀርባል። ይህ ነገር ለእኛ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ከቁስጥንጥንያ እስከ ዮኮሃማ ባሉት ብዙ የወደብ ከተሞች ሥርዓቱ ሌላ ነበር። በእነዚህ ከተሞች የእንግሊዝ ቆንሲል በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ችሎት ያስችል ነበር፤ በአንዳንዱም ስፍራ የራሱ እስር ቤት ነበረው። አንድ እንግሊዛዊ ያገሩን ተወላጅ ቢደበድብ፥ ዕዳ ቢክድ ወይም ነፍስ ቢያጠፋ፥ የሚፈርድበት ቆንሲሉ ነበር፤ የሚፈረድበትም በእንግሊዝ ሕግ ነበር። የሚኖርበት አገር ንጉሥና ዳኛ ሊነኩት አይችሉም ነበር።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በሁለት በሦስት መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከውል አንቀጾች ይልቅ አንዲት መርከብ ነገሩን አጉልታ ታሳያለች ብዬ ስለማምን፥ ኖርማንተን የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድሞ ሥርዓቱ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባል። መነሻው የቱርክ መንግሥት ነው። የቱርክ ሡልጣኖች ወደ ግዛታቸው የሚመጡት የአውሮፓ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ በራሳቸው ሹም እንዲዳኙ ይፈቅዱ ነበር። ለእንግሊዞችም በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፥ በ1580፥ ሡልጣን ሙራድ ሦስተኛ ይህን መብት ሰጧቸው። በዚያን ጊዜ ቱርክ ኀያል ነበረችና ይህን ያደረገችው ፈርታ አይደለም፤ እንግዳ ነጋዴ በሃይማኖቱና በልማዱ ቢተዳደር ለገበያም ለጸጥታም ይሻላል ብላ ነው። እስከ 1825 ድረስም በዚያ የነበሩትን የእንግሊዝ ቆንሲሎች ሌቫንት የተባለው የነጋዴዎች ኩባንያ ያስተዳድራቸው ነበር። ዘመን ሲለወጥ ግን ችሮታ የነበረው ነገር መብት ሆነ፤ መብት የሆነውም በመድፍ የሚጠየቅ ሆነ። ቻይና ከጦርነት በኋላ በ1842 እና በ1843፥ ሲያም በ1855፥ ጃፓን በ1858 ይህንኑ ውል ፈረሙ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1843 ባወጣው ሕግ ንጉሣዊው መንግሥት በውጭ አገር በውልም ሆነ በልማድ ያገኘውን ዳኝነት በገዛ ግዛቱ እንዳለ አድርጎ እንዲሠራበት አጸና። ከዚህ በኋላ ኤድመንድ ሆርንቢ የተባለ ዳኛ በ1857 በቁስጥንጥንያ፥ በ1865 ደግሞ በሻንጋይ የቆንሲሎች የበላይ የሆነውን ፍርድ ቤት በተራ አቋቋመ።

አሁን ወደ መርከቡ እንምጣ። የእንግሊዝ መርከብ ወደ አንድ የውጭ ወደብ ሲደርስ ካፒቴኑ የመርከቢቱን ወረቀቶችና ከመርከበኞቹ ጋር የተፈራረመውን ውል ለቆንሲሉ ያስረክባል። መርከቢቱ እስክትነሣ ድረስ ወረቀቱ በቆንሲሉ እጅ ይቆያል። ያለ ቆንሲሉ ፈቃድ መርከበኛ መቅጠርም ማሰናበትም ክልክል ነበር። ይህ ለምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ደመወዝ ላለመክፈል ብለው የታመመውን መርከበኛ በማያውቀው አገር የባሕር ዳር ጥለው የሚሄዱ ካፒቴኖች ነበሩና። መርከቡ የተሰበረበትን ወይም ተጥሎ የቀረውን ድኻ መርከበኛ ቆንሲሉ ያበላዋል፥ ያለብሰዋል፥ ወደ አገሩም ይሰደዋል። ስለ ቆንሲል ዳኝነት የሚጽፉ ሰዎች ክፉውን ብቻ ያነሣሉ፤ እኔ ግን ይህ ክፍል መልካም ሕግ እንደ ነበረ ሳልናገር ባልፍ እውነትን ያጎደልሁ ይመስለኛል።

በ1854 የወጣው የንግድ መርከቦች ሕግ ለቆንሲሉ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን ሰጠው። በባሕር ላይ ከባድ ጥፋት ሲሠራ ወይም መርከብ ስትሰጥም፥ ቆንሲሉ ወይም በዚያ የሚገኘው የጦር መርከብ አዛዥ የባሕር ኀይል ችሎት የተባለውን ጉባኤ ይጠራል። የዚህ ችሎት ዳኞች ከሦስት አያንሱም፥ ከአምስትም አይበልጡም። ቢቻል አንዱ የባሕር ኀይል መኰንን፥ አንዱ ቆንሲል፥ አንዱ የእንግሊዝ ንግድ መርከብ ካፒቴን ይሆናሉ፤ የቀሩትም ከመኰንኖች፥ ከካፒቴኖች ወይም ከእንግሊዝ ነጋዴዎች ይመረጣሉ። ችሎቱ ካፒቴኑን ከሹመቱ ለመሻር፥ የሙያ ምስክር ወረቀቱን ለመንጠቅና መርከበኛውን ለማሰናበት ይችላል። እንግዲህ አንባቢ ይህን ወንበር ልብ ብሎ ይመልከት። የተሠራው መርከበኛውን ከካፒቴኑ፥ የመርከቡን ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም ለመጠበቅ ነው። የሌላ አገር ሰው ተሳፋሪ ሆኖ ቢሞት፥ ስለ እርሱ የሚቀመጥ ሰው በዚያ ወንበር ላይ አልነበረም።

ጃፓን ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የፈረመችው ነሐሴ 26 ቀን 1858 ነው፤ በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ሎርድ ኤልጂን ነበር። በውሉ መሠረት ጃፓናዊ እንግሊዛዊን ቢበድል በጃፓን ዳኛ፥ እንግሊዛዊም ጃፓናዊን ቢበድል በቆንሲሉ ይዳኛል። ላይ ላዩን ሲያዩት እኩል ይመስላል። ነገር ግን በለንደን ከተማ የሚኖር ጃፓናዊ ቢበድል የጃፓን ቆንሲል ሊፈርድበት አይችልም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ለእንግሊዝ ዳኛ ይቀርባል። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ላይ ነው። ከ1879 ጀምሮ በዮኮሃማ ለጃፓን ብቻ የሚያገለግል የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ይግባኝ ወደ ሻንጋይ ይሄዳል፥ ከሻንጋይም ለንደን ወዳለው የንጉሣዊው ምክር ቤት የዳኝነት ጉባኤ ይደርሳል።

ጥቅምት 24 ቀን 1886 ኖርማንተን ከዮኮሃማ ወደ ኮቤ ስትጓዝ በኪይ ጠረፍ አጠገብ ማዕበል ያዛትና ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ካፒቴኗ ጆን ዊልያም ድሬክ ይባላል። ካፒቴኑና የአውሮፓ ተወላጆች የሆኑት መርከበኞች በነፍስ ማዳኛ ጀልባዎች ወጡ፤ በባሕሩ ላይ ሲንገላቱም የጠረፉ መንደር ሰዎች አገኟቸውና አዳኗቸው፥ አስተናገዷቸውም። እነዚህ መንደረኞች ጃፓናውያን ናቸው። በመርከቢቱ የተሳፈሩት 25 ጃፓናውያን ግን አንድ ሳይቀር ሰጠሙ። ከምድጃው ዘንድ ከሰል ሲጨምሩ የነበሩ ህንዳውያን እሳት አንዳጆችም አብረው አለቁ።

ወሬው በአገሩ ሲሰማ ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። ጋዜጦች በየቀኑ ጻፉ፤ ለሟቾች ቤተሰቦች ገንዘብ ተዋጣ፤ በየከተማው ስብሰባ ተደረገ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አውሮፓውያኑ ሁሉ ተርፈው ጃፓናውያኑ ሁሉ እንዴት ሞቱ? ማዕበል የሰውን አገር ለይቶ አያውቅምና።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ያየው በኮቤ የእንግሊዝ ቆንሲል ጄምስ ትሩፕ የጠራው የባሕር ኀይል ችሎት ነው። ካፒቴኑ ለዚህ ችሎት የሰጠው መልስ የሚከተለው ነበር፤ ወደ ጀልባው ግቡ ብለን ለጃፓናውያኑ ነገርናቸው፤ እነርሱ ግን እንግሊዝኛ አያውቁምና ነገሩ ሳይገባቸው በውስጥ ቀሩ። ችሎቱም ይህን ተቀብሎ ካፒቴኑ ጥፋት የለበትም ሲል በኅዳር መጀመሪያ ወሰነ። እኔ ይህን መልስ ባነበብሁ ቍጥር ይገርመኛል። ከሚሰጥም መርከብ ለመሸሽ ሰዋስው ያስፈልጋልን? ካፒቴኑ በእጁ ቢጠቁም፥ በክንዳቸውም ቢጎትታቸው ያልገባው ሰው ይኖር ነበርን? ደግሞስ እሳት አንዳጆቹ በዚያች መርከብ ላይ ደመወዝተኞች ስለ ነበሩ ትእዛዝ መስማት የለመዱ ናቸው፤ የእነርሱን ሞት የቋንቋ ነገር እንዴት ያስረዳዋል?

ስለ እሳት አንዳጆቹ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ህንድ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ግዛት ስለ ነበረች እነዚህ ሰዎች እንደ ካፒቴኑ ሁሉ የእንግሊዝ ንግሥት ተገዢዎች ነበሩ። የቆንሲል ዳኝነት የቆመው የእንግሊዝን ተገዢዎች ለመጠበቅ ከሆነ፥ እነርሱም ጥበቃው ይገባቸው ነበር። ስለዚህ ጃፓን ስለ ራስዋ 25 ሰዎች ስትጮኽ፥ ስለ እነርሱ የሚጮኽ መንግሥት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

የጃፓን መንግሥት ነገሩን በዚህ አልተወውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢኖዌ ካኦሩ የሕዝቡን ቍጣ አይቶ የኮቤ ከተማ የምትገኝበት የሂዮጎ ግዛት ገዢ ካፒቴኑን በነፍስ ማጥፋት እንዲከስሰው አዘዘ። ክሱ የቀረበው ለማን ነው? ለጃፓን ዳኛ አይደለም። የጃፓን ግዛት ገዢ፥ በጃፓን ምድር፥ በጃፓን ባሕር ዳር ስለ ሞቱት ጃፓናውያን፥ በእንግሊዝ ችሎት ፊት ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። በዮኮሃማ ዳኛው ኒኮላስ ሃነን ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1886 በዋለው ችሎት ድሬክ በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛ ሆነና የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት። ለሟቾች ቤተሰቦች የተከፈለ ካሣ አልነበረም።

በክፍላችን ይህን ታሪክ ስንነጋገርበት ብዙዎች ዳኛውን ወቀሱ። ሦስት ወር ለ25 ነፍስ ትንሽ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን እኔ ወቀሳው ስፍራውን የሳተ ይመስለኛል። ሃነን ባገሩ ሰዎች መካከል፥ ባገሩ ነጋዴዎች ዐይን ፊት፥ የኮቤው ችሎት ነጻ ያወጣውን ያገሩን ካፒቴን ጥፋተኛ ነህ ብሎ አስሮታል፤ ይህም ለአንድ ዳኛ ቀላል ነገር አይደለም። ክፋቱ በዳኛው ልብ ውስጥ ሳይሆን በወንበሩ አቀማመጥ ላይ ነበር። ባገራችን በጥንት ልማድ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ ያገኙትን አላፊ መንገደኛ ዳኛ አድርገው ይይዙት እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። መንገደኛው ሕግ አይማር ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱ ተስማምተው የያዙት ዳኛ ነውና ፍርዱን ይቀበሉታል። በኮቤና በዮኮሃማ ግን ዳኛውን የመረጠው አንዱ ወገን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ ምንም ቅን ቢሆን የተበደለው ሰው ፍርዱን እንደ ፍርድ ሊቀበለው ይቸገራል። ቢያሥር አነሰ ይባላል፤ ነጻ ቢያወጣ ለወገኑ አደላ ይባላል።

ሌላው ወገን የሚለውንም መስማት ይገባል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ፥ በጃፓን ተከሳሽን አሠቃይቶ ማናዘዝ እስከ 1870ዎቹ ድረስ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ማን መንግሥት ዜጋውን ለእንዲህ ያለ ችሎት አሳልፎ ይሰጣል? ሲል ተከራከረ። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በጊዜውም አውሮፓውያን የሚያቀርቡት ምክንያት ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ሲቀር ሥርዓቱ አልቀረም። ጃፓን በ1880 አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጥታ በ1882 ሥራ ላይ አዋለች፤ ኖርማንተን የሰጠመችው ከዚያ በኋላ በአራተኛው ዓመት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ኅዳር 30 ቀን 1892 ቺሺማ የተባለችው አዲስ የጃፓን የጦር መርከብ ከፈረንሳይ አገር ተሠርታ ስትመጣ፥ በጃፓን ደሴቶች መካከል ባለው ባሕር ላይ ራቬና ከተባለች የእንግሊዝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ 74 ሰዎችም ሞቱ። ራቬና የፒ ኤንድ ኦ ኩባንያ ንብረት ነበረች። የጃፓን መንግሥት ካሣ ለመጠየቅ ሲነሣ የሚከስስበት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በገዛ አገሩ ዮኮሃማ ያለው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነው። ኩባንያውም በበኩሉ ጥፋቱ የጃፓን ነውና ለእኔ ይካሠኝ ሲል የክስ መልሶ ክስ አቀረበ። ነገሩ ከዮኮሃማ ወደ ሻንጋይ፥ ከሻንጋይ ወደ ለንደን ሄደ። ሻንጋይ ለኩባንያው አደላች፤ ለንደን በ1895 የሻንጋይን ውሳኔ ሽራ የጃፓንን መንግሥት ደገፈች፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ከፍርድ ቤት ውጭ ታረቁና ኩባንያው ካሣ ከፈለ። ጃፓን ረታች ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ መንግሥት በገዛ ባሕሩ ስለ ሰጠመችው የገዛ ጦር መርከቡ ፍርድ ፍለጋ ግማሽ ዓለምን መዞሩ ከመሸነፍ የማይሻል ድል ነው።

ጃፓኖች ከዚህ ቀንበር የወጡበት መንገድ ረጅም ነበር። ኢኖዌ ያሰበው ብዙዎቹ ዳኞች የውጭ አገር ሰዎች የሆኑበት የተደባለቀ ፍርድ ቤት ለማቋቋም ነው። ሕዝቡም ባለሥልጣናቱም ተቃወሙትና በ1887 ሥራውን ለቀቀ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኦኩማ ሺጌኖቡ የውጭ ዳኞችን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብቻ ለማስቀመጥ ሞከረ፤ በ1889 ቦምብ ተወረወረበትና አንድ እግሩን አጣ። ይህን የሚያነብ ሰው ለሁለት የውጭ አገር ዳኛ ይህን ያህል ቍጣ ለምን? ይል ይሆናል። የኖርማንተንን ነገር ያስታወሰ ግን መልሱን ያገኘዋል። በዚያው በ1889 ጃፓን ሕገ መንግሥቷን አወጀች፤ ቀጥሎም የፍትሐ ብሔር ሕጓን አዘጋጀች። ሐምሌ 16 ቀን 1894 በለንደን አዲስ ውል ተፈረመ፤ በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሙትሱ ሙኔሚትሱ ነበር። ውሉ በሐምሌ 1899 ሲጸና የእንግሊዝ ቆንሲሎች በጃፓን ምድር ችሎት ማስቻላቸው አበቃ።

ይህ ታሪክ ከእኛም አገር በር ደርሷል። የእንግሊዙ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተዋውሎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ግን፥ በ1855፥ ቆንሲል ይቁምልን ሲባሉ ይህ ባባቶቼ ዘመን ያልነበረ አዲስ ነገር ነው በማለት አልተቀበሉትም። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በጥር 1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር በአዲስ አበባ ውል ተፈራረሙ። በውሉ ሰባተኛ አንቀጽ መሠረት የፈረንሳይ ተገዢዎች በወንጀል ሲከሰሱ በፈረንሳይ ሕግ ይዳኛሉ፤ ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ሲካሰሱም ቆንሲሉ ከኢትዮጵያ ዳኛ ጋር ይቀመጣል። ሌሎች መንግሥታትም ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል አሉ፤ እንግሊዝም በ1913 ለኢትዮጵያ የሚሆን የፍርድ ቤት ደንብ አወጣች። አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ ናትና እዚህ የመርከብ ነገር አልነበረም። በእንግሊዝ ቆንሲል ጥላ ሥር የሚጠለሉትም ብዙዎቹ እንግሊዛውያን ሳይሆኑ፥ እንደ ኖርማንተን እሳት አንዳጆች፥ በእንግሊዝ ግዛት የተወለዱ ህንዳውያን ነጋዴዎች ነበሩ።

በክሎቡኮውስኪ ውል ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ ይህ ሥርዓት የሚጸናው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ነው ይላል። ጃፓን በዚህ ዐይነት ቅድመ ሁኔታ ውስጥ አልፋ ሕጓን በመጻፍ ወጥታለች። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ በዚያው ዓመት የታወጀው ሕገ መንግሥትም የተዘጋጀው የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት በማየት ነው። በእኛ አገር ግን የቆንሲል ችሎት የቀረው ሕጉ ተጽፎ ሳያልቅ ነው። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ የወጣው በ1949 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔሩም በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፥ ቆንሲሎች ከዳኝነት ወንበር የተነሡት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ነው።

በዚህ ስምምነት መሠረት የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እንዲዳኙ ሆነ። ሆኖም የውጭ አገር ሰው ተከራካሪ በሆነበት ነገር፥ ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲታይ፥ ከዳኞቹ መካከል ቢያንስ አንድ እንግሊዛዊ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ችሎቱ የእኛ ሆኖ ከወንበሮቹ አንዱ የእነርሱ ቀረ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው በሁለተኛው ስምምነት ግን አገላለጹ ተለወጠ፤ ከዳኞቹ አንዱ በሌሎች አገሮች የዳኝነት ልምድ ያለው ሰው ይሁን ተባለ እንጂ እንግሊዛዊ ይሁን አልተባለም።